አባይ በረሃ ሳንደርስ፦ አልለቅ ያለ የፊት ፍሬን

ከደብረ ማርቆስ የተነሳን 7 ሰዎች ነን፤ መኪናው ላንድክሩዘር ነው። ጂንካን፣ ቱርሚንና ኦሞራቴን ጨርሰን ኮንሶ ገብተናል፤ ወደ ቤት 3 ቀን ቀረን። ከቱርሚ ወዲህ የፊት ቀኝ ፍሬን አልለቅ አለ፤ 20 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ቸርኬው ላይ ውኃ ጠብ ሲደረግ ቸስ ይላል። የካስኬ ወንዝ አሸዋ መስሎን የፍሬን ሸራውን አውጥተን አጸዳን፣ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) የሚንሸራተትበትን ፒን በግሪስ ቀባን፤ ለውጥ የለም። በክሪክ አንስተን የአየር ማውጫዋን ቡሎን ስናላላ ግን ዘይቱ ፊን ብሎ ወጣና ጎማው ወዲያው ተለቆ ዞረ። ቡሎኗን አጥብቀን ፔዳሉን ስንረግጥ እንደገና ያዘ። የፒስተኑ ላስቲክ አልተቀደደም። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ያለውን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ብቻ መውረድ አይሞከርም። አርባ ምንጭ ላይ የፍሬን ዘይት የሚያልፍበትን የላስቲክ ቱቦ ብቻ ብናስቀይር ይበቃል ወይስ ካሊፐሩም ተፈትቶ መታየት አለበት?