የመዳብ ኬብል ቢዘገይ በአሉሚኒየም መተካት ይቻላል?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። መሬት ላይ የሚተከል የፀሐይ ኃይል ማመንጫ እየሠራን ነው። ከፓነሎቹ መሰብሰቢያ ሳጥን እስከ ኢንቨርተሩ (የፓነሎቹን ቀጥተኛ ጅረት ወደ ተለዋዋጭ ጅረት እስከሚቀይረው መሣሪያ) 180 ሜትር አለ። በዕቅዱ የተያዘው 35 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ኬብል ነበር፤ አቅራቢው ግን መዳቡ ስለሚዘገይ በዚያው መጠን አሉሚኒየም ውሰዱ ይለናል። ልቀበል? እሳት እንዳያስነሳብን እሰጋለሁ።

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፦ በዚያው መጠን በፍጹም አይቀበሉ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ የመዳብን 61 በመቶ ያህል ነው። የቮልቴጁ ብክነት እንዳይጨምር 35ቱን በ1.64 (1 ለ0.61 ሲካፈል) ያባዙ፤ 57 ገደማ ይሆናል። 50 ስለማይበቃ ቀጣዩን መጠን፣ 70ን ይውሰዱ። እንዲያም ሆኖ ይቀላል፦ የመዳቡ ሽቦ በኪሎ ሜትር 314 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን አሉሚኒየሙ 189 ነው። የሚያልፍበት ቱቦ ግን መስፋት አለበት።

የጥገና ባለሙያ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። አደጋው ያለው ግን ሽቦው መሐል ሳይሆን መገናኛው ላይ ነው። አሉሚኒየም አየር እንደነካው ኦክሳይድ የሚባል ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ይለብሳል። ሲሞቅ ከመዳብ ይበልጥ ይለጠጣል፤ በብሎን ተጨምቆ ሲቆይም ቀስ በቀስ ቅርጹን ይለቃል። መገናኛው ሲላላ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብስ ይላላል። ስለዚህ ጫፉን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገው ወዲያው የኦክሳይድ መከላከያ ቅባት ይቀቡት። ከመዳብ ጋር በቀጥታ አያገናኙት፤ እርጥበት ካገኘ አሉሚኒየሙ እንደ ዝገት ተበልቶ ያልቃል። አንድ ወገኑ አሉሚኒየም፣ ሌላው መዳብ የሆነ ማገናኛ ይግዙ። ብሎኑንም በግምት አያጥብቁ፤ አምራቹ የጻፈውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ይጠቀሙ። ከሁሉ በፊት የኢንቨርተሩን መመሪያ ያንብቡ፤ ለመዳብ ብቻ የተሠራ ተርሚናል (የኬብል ጫፍ መግጠሚያ) አለ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፓነሎቹን እርስ በርስ የሚያያይዙትን ቀጫጭን ኬብሎችስ?

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፦ እነሱ መዳብ ሆነው ይቆዩ። ማገናኛዎቻቸው የተሠሩት ለመዳብ ነው።

የማዕድን ባለሙያ፦ እኔም መተካቱን እደግፋለሁ። አንድ የመዳብ ማዕድን ከተገኘ በኋላ ምርት እስኪሰጥ ብዙ ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል፤ የፀሐይና የነፋስ ኃይል ፍላጎት ግን ያን ያህል አይታገስም። መዳቡ ቦታ ለሚጠብባቸው ሞተሮችና ጀነሬተሮች ቢተርፍ ይሻላል። አሉሚኒየምም ከማዕድኑ ሲወጣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ለአንድ ኪሎ ግራም ከ13 እስከ 15 ኪሎዋት ሰዓት። ቁርጥራጩን መልሶ ማቅለጥ ግን የዚህን 5 በመቶ ያህል ኃይል ብቻ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የተረፈዎትን ጫፍ ሁሉ ለይተው ያስቀምጡ።

የጥገና ባለሙያ፦ አንድ ልጨምር። ሥራው ሲጀምር፣ ፀሐይዋ በበረታችበት ሰዓት መገናኛዎቹን በሙቀት ካሜራ ይዩአቸው። ከአጠገቡ ካሉት ተለይቶ የሞቀ ካለ ኃይሉን አጥፍተው እንደገና ይሥሩት።