ጂፒኤስ ብናስገጥም ነዳጁ የት እንደሚገባ ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ስምሪት ክፍል (ቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ናችሁ? ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የስምሪት ሠራተኛ ነኝ። 11 ኮድ 4 መኪኖች አሉን። አብዛኞቹ ፒካፕ ናቸው፤ ሦስቱ አሮጌ ላንድክሩዘር። ሁሉም ነገር በወረቀት ነው። እኔ መውጫ እቆርጣለሁ፣ ሹፌሩ ኪሎ ሜትር ይጽፋል፣ የነዳጅ ደረሰኙ ፋይል ውስጥ ይገባል። ወር ሲያልቅ ግን ኪሎ ሜትሩና ሊትሩ አይገናኙም። አንዱ ፒካፕ ባለፈው ወር በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ሄደ፣ በዚህ ወር 5። የላንድክሩዘሮቹ ቆጣሪ ጭራሽ አይሠራም። አለቃዬ «ጂፒኤስ እናስገጥም» ብለዋል። ገንዘቡ ሳይወጣ ልጠይቅ ብዬ ነው፤ ነዳጁን ያሳየኛል?

መልስ፦ ገጣሚው

እህቴ፣ ጂፒኤስ ብቻውን ነዳጅ አያይም። መኪናው የት እንዳለ፣ ፍጥነቱን፣ ሞተሩ በርቶ ስንት ደቂቃ እንደቆመ ይነግርሻል። አንዳንድ ሻጭ ስክሪኑ ላይ ሊትር ያሳይሻል፤ ብዙ ጊዜ ከኪሎ ሜትሩ ተሰልቶ የመጣ ግምት ነው። እውነተኛውን ከፈለግሽ ታንከር ውስጥ የሚገባ፣ የነዳጁን ቁመት የሚለካ ሴንሰር ይጨመራል። ታንከሩ ባዶ ይደረግና 10 ሊትር፣ 10 ሊትር እየጨመሩ ሴንሰሩን ማለማመድ ግድ ነው። የታንከር ቅርጽ ወጣ ገባ ስለሆነ ግማሽ ቁመት ማለት ግማሽ ነዳጅ ማለት አይደለም። «በ20 ደቂቃ ገጥሜ እሄዳለሁ» ያለሽን ሸኚው።

ኔትወርክ ሲጠፋ መረጃውን ይዞ ቆይቶ በኋላ የሚልክ መሣሪያ ምረጡ። ገመዱ ሲነቀልም መልእክት የሚልክ፣ የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው ይሁን።

መልስ፦ የ22 ዓመት ሹፌር

5 ኪሎ ሜትር ስለሄደ ሹፌሩ ሌባ ነው ማለት አይደለም። ጠዋት በቃሊቲ መንገድ ተጨናንቀሽ ታውቂያለሽ? ኃላፊው ስብሰባ ገብቶ «ሞተሩን አታጥፋ» ሲል የሚቃጠለውስ በማን ይጻፍ? የሚሰርቅ የለም አላልኩም፣ አለ።

እኛ መሥሪያ ቤት ጂፒኤሱን ማታ ማታ በድብቅ አስገጠሙት። በሳምንቱ የአራት መኪና ገመድ ተነቅሎ ተገኘ። ማን ነቀለው? ማንም። ሹፌሮቹን ቀድመሽ ሰብስቢና ንገሪያቸው። የሚታየው መረጃ ለእነሱም ይታይ። እኔ ራሴ አንዴ «ቅዳሜ የት ሄደህ ነበር» ተብዬ ያዳነኝ ያው ጂፒኤስ ነው፤ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ነበረች።

መልስ፦ የኤክሴል ሰው

እኔ ደግሞ ስሌትሽን ጠረጠርኩ። በወር የተሄደውን በወር ለተቀዳው ካካፈልሽ ይሳሳታል፣ ምክንያቱም ታንከሩ ውስጥ የቀረው አይታወቅም። ከሙሉ እስከ ሙሉ አስሊ። ዛሬ ጢም ብሎ ሲሞላ ቆጣሪው 84,210 ይላል እንበል። በሚቀጥለው አሞላል 52 ሊትር ገባ፣ ቆጣሪው 84,626 ሆነ። 416ን ለ52፣ ልክ 8። ሁለት ወር እንዲህ ያዢና ከዚያ 5 ቢመጣ ጠይቂ። መጀመሪያ ግን ወደ ጋራዥ ላኪው፤ የተዘጋ አየር ማጣሪያም፣ አየሩ የቀነሰ ጎማም ነዳጅ ይጠጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ መሆን ከጀመረ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ክፍያው የተፈጸመበት ሰዓት ይመዘገባል። ጂፒኤሱ ሲገባ ሁለቱን አስተያዪ። 3፡40 ላይ ናፍጣ ተቀድቶ መኪናው በዚያው ሰዓት ከማደያው ርቆ ኮዬ ፈጬ ቆሞ ከታየ፣ ያኔ ወሬ አለ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለሶፍትዌሩ በየወሩ መክፈል ግዴታ ነው?

ገጣሚው

አይደለም። ትራካር የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ ብዙ ዓይነት መሣሪያ ይቀበላል። ሶፍትዌሩ የሚሠራበትን ኮምፒውተር (ሰርቨሩን) የሚይዝ የአይቲ ልጅ ከሌላችሁ ግን ከፍላችሁ ብታሠሩ ይሻላል። የሲም ካርዱን ሂሳብ የሚሞላውን ሰው አሁኑኑ ወስኑ፤ ስንቱ ጂፒኤስ ካርድ አልቆበት ነው ዝም ያለው።

ጠያቂዋ

ዛሬ አንዱን ላንድክሩዘር ጋራዥ ልኬ ነበር። የተበጠሰው የቆጣሪው ገመድ ብቻ ነው። ሰኞ ሁሉንም ጢም አድርጌ አስሞላለሁ። ጂፒኤሱ በሁለት ፒካፕ ይጀመር ብዬ ለአለቃዬ ጽፌያለሁ።