የሌሊቱ ትርኢት ይቅር ወይስ ይቀጥል?

ከፋች፦ ሰላም ወገን። የደቡብ ህንድ ፊልም በአማርኛ ትርጉም የማያይ እዚህ ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 4 ቀን 2024 ሃይደራባድ ውስጥ፣ ሳንድያ ሲኒማ ቤት በር ላይ፣ «ፑሽፓ 2»ን ለማየት የመጣ ሕዝብ ተጋፍቶ አንዲት እናት ሞተች። ትንሽ ልጇም ክፉኛ ተጎዳ። ተዋናዩ አሉ አርጁን በአካል ተገኝቶ ነበር። በኋላ ፖሊስ ያዘው፤ አንድ ሌሊት አድሮ በዋስ ወጣ። ሃይደራባድ ያለችበት የቴላንጋና ግዛት ዋና ሚኒስትርም ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ልዩ ትርኢት አልፈቅድም አሉ። እናንተስ? ፊልሙ በይፋ ከመውጣቱ በፊት ለአድናቂ የሚታየው ትርኢት ይከልከል?

የቴሉጉ ፊልም ወዳጅ፦ በፍጹም! ያ ምሽት ለቴሉጉ ፊልም (በሃይደራባድ አካባቢ ቋንቋ ለሚሠራው) አድናቂዎች ዓመት በዓል ነው። ከበሮ ይመታል፣ ርችት ይተኮሳል፣ የኮከባቸው ትልቅ ምስል ላይ ወተት ያፈሳሉ። «ባሁባሊ 2» በ2017 ከ1,000 ክሮር (10 ቢሊዮን) ሩፒ በላይ ያስገባው በዚህ ፍቅር ጭምር ነው። ጥፋቱ የበር አያያዝ ነው። በሩን አስተካክሉ፣ በዓሉን ተዉላቸው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ በዓሉን ማን ጠላ? ግን ገንዘቡንም እይልኝ። ለዚያ ለ«ፑሽፓ 2» የምሽት 3፡30 ትርኢት በትኬቱ ላይ 800 ሩፒ እንዲጨመር የፈቀደው የግዛቱ መንግሥት ራሱ ነው። አድናቂው ቀድሞ ለማየት ይጓጓል፣ ነጋዴው ጉጉቱን ይሸጥለታል። ከዚያ ኮከቡ ብቅ ሲል ሕዝቡ ወደ እሱ ይነቀላል። እንዲህ ያለውን ግፊያ የትኛው በር ይችለዋል?

ደግሞ ከልክለው ያዩ አሉ። የታሚል ናዱ ግዛት ከተማ ቼናይ ውስጥ በጃንዋሪ 2023 ከሌሊት ትርኢት በኋላ አንድ ወጣት ከጭነት መኪና ላይ ዘሎ ሞተ። በዚያው ዓመት የተዋናይ ቪጃይ ፊልም «ሊዮ» ሲወጣ ታሚል ናዱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት እንዳይታይ አደረገች። ፊልሙ ከሰረ? የዓመቱ ትልልቅ የታሚል ፊልሞች ውስጥ ገባ እንጂ!

ዝም ብሎ አንባቢ፦ እሷ ልክ ናት። «ማንጁመል ቦይስ» የሚባለውን የደቡብ ህንድ ፊልም እዩ። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ጓደኛቸውን የሚያወጡ ልጆች ታሪክ ነው፤ ያለ አንድም ግዙፍ ኮከብ ገቢው 200 ክሮር ሩፒ አለፈ።

የቴሉጉ ፊልም ወዳጅ፦ እሺ፣ ጭማሪው ይቅር፤ እዚህ ላይ ረታሽኝ። ግን «ሊዮ» ሲከለከል አድናቂዎቹ ድንበር ተሻግረው ጎረቤት ግዛት ኬረላ ገብተው ከሌሊቱ 10 ሰዓት አይተውታል። አንድ ግዛት ብቻውን ከልክሎ ምን ሊፈይድ?

የሁለት ልጆች እናት፦ እንግዲያው ሁሉም ግዛቶች ይከልክሉ። ያቺ የሞተችው እናት እኮ የሄደችው ልጇ የአሉ አርጁን አድናቂ ስለሆነ ነው። ልጁ ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ወራት ተኛ። በማግስቱ ከሰዓት ይዛው ብትሄድ የሚያየው ያንኑ ፊልም ነበር።