ሦስት ልጆች ይዘው ከኪራይ ቤት የተባረሩ እናት ጎንደር ይቆዩ ወይስ አዲስ አበባ ይሂዱ?

ጥያቄ፦ ከአዘዞ፣ መምህር

እንደምን አላችሁ? ስለ አንዲት የሠፈራችን እናት ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ባለቤታቸው አምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ከወረዱ ወዲህ አልተመለሱም። እርሳቸው እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ሦስት ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ ቆይተው፣ አከራያቸው ኪራዩን በአንድ ጊዜ እጥፍ ስላደረጉባቸው መክፈል አልቻሉም፤ ባለፈው ሳምንት ከገበያ ሲመለሱም በሩን በሌላ ቁልፍ ተቆልፎ፣ ምጣዳቸውና የልጆቹ ደብተር ከውስጥ ቀርቶ አገኙት። አሁን ከነልጆቻቸው በዘመዳቸው ማድቤት ያድራሉ፤ ክረምቱም ስለገባ ጢሱና እርጥበቱ ትንሹን ልጅ ሳል አስጀምሮታል። ትልቋ ተማሪዬ ናት፤ ነገሩን ያወቅሁት ለፈተና ዝግጅት ያለ ደብተር ስትመጣ ነው።

አንድ ደላላ «አዲስ አበባ ለእናቶች መጠለያ፣ ለልጆችም ምገባ አለ» ብሎ እናቲቱን አሳምኗቸዋል። እውነት እዚያ ይሻላቸዋልን? ካልሆነስ ጎንደር ላይ በማን በር ይጀምሩ?

መልስ 1፦ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ

መምህር፣ ስለተቆረቆሩ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዲስ አበባም ጎንደርም ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርዎት። ልጆች የያዘ ቤተሰብ ቤት ሲያጣ መልኩ በየአካባቢው ይለያያል። አዲስ አበባ ላይ እናት ከነልጇ አስፋልት ዳር ላስቲክ ወጥራ ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ትታያለች፤ ካገኘኋቸው ብዙዎቹ ከክልል የመጡ ስለነበሩ የሚያስጠጋቸው ዘመድ በከተማው አልነበራቸውም። በሶማሌ ክልልና በቦረና ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም ይዞ ወደ መጠለያ ጣቢያ ገብቷል። ጎንደር ላይ ግን ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኚህ እናት በዘመድ ማድቤት ወይም በሰው ሰርቪስ ቤት ተሸሽጎ ይቀራል። ዘመድ መኖሩ ደግ ነው፤ ነገር ግን ጎዳና ያልወጣን ሰው ቤት አልባ ብሎ የሚመዘግበው የለም።

ደላላው ሁሉንም አልዋሸም፤ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ በእርግጥ አለ። ልጁ ግን መጀመሪያ መመዝገብ አለበት፣ ምገባውም ለማደሪያ መልስ አይሆንም። ለድኃ የከተማ ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጠው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔትም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ከአማራ ክልል የተካተተችው ደሴ ብቻ ስለነበረች፣ «ድጋፍ ያለው ሌላ ቦታ ነው» የሚለው ወሬ ከዚያ ዘመን የቀረ ይመስለኛል። በሁለተኛው ምዕራፍ ጎንደርን ጨምሮ ብዙ ከተሞች ገብተውበታል። ተጠቃሚውን የሚመርጠው የሠፈሩ ኮሚቴ ነው፤ ስለዚህ እኚህ እናት የሚታወቁበትን ቀበሌ ለቀው ሲሄዱ ያላቸውን አንድ ጥሪት ትተው መሄዳቸው ነው። ነገ ጠዋት ወደ ቀበሌያቸው ሄደው ቤት ማጣታቸውን በጽሑፍ ያስመዝግቡ፣ የክፍለ ከተማውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም ያነጋግሩ። መክፈል የማይችሉ መሆናቸው ከተረጋገጠ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ፣ ለትንሹ ልጅ ሳል እርሱንም አብረው ይጠይቁ። የቀበሌ ቤት ግን ተስፋ አድርገው አይጠብቁ፤ እነዚያ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ውስጥ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ናቸው፣ ብዙዎቹም አርጅተዋል።

መልስ 2፦ የሕግ ባለሙያ፣ ጎንደር

ከሁሉ በፊት መነሣት ያለበት የተቆለፈው በር ነው። አከራይ ኪራይ ባይከፈለው እንኳ መብቱን በፍርድ ቤት ይጠይቃል እንጂ በገዛ እጁ ቁልፍ ቀይሮ፣ የተከራይን ዕቃ ይዞ፣ ሰውን ከነልጁ ውጭ ማሳደር አይችልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 ይዞታው ለተነጠቀበት ሰው ክስ የማቅረብ መብት ይሰጣል፤ ክሱ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የዳኝነት ክፍያ ከሌላቸው በደኃ ደንብ ለመክሰስ ይጠይቁ። አቤቱታ የሚጽፍላቸው ካጡ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ግን ክልሉ በወሰነው መጠን ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ያለ ተከራይ የሚጠቅሰውን ሁሉ እዚህ ወስዶ መከራከር አይቻልም፤ አስቀድመው የከተማውን የቤቶች ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ኪራዩን ሲከፍሉ ያየ ጎረቤት ካለ ስሙን ከአሁኑ ይያዙ፤ የቃል ውል ያለ ምስክር ብዙ ያደክማል።

መልስ 3፦ ሄጄ የተመለስኩ እናት

መምህር፣ እኅቴን እባክዎ አይልቀቋት። እኔም ሁለት ልጆች ይዤ በደላላ ቃል አዲስ አበባ ወርጄ ነበር። መጠለያ የተባለው አልጋ በየሌሊቱ የሚከፈልበት ክፍል ሆኖ አገኘሁት፤ ደላላውም የሰው ቤት ሠራተኛ ሊያደርገኝ ነበር፣ ልጆች ያላትን ግን የሚቀጥር ስላልተገኘ ጥሎኝ ጠፋ። ልጄን ላስመዘግብ ስሄድ መሸኛ ተጠየቅሁ፤ እኔ ደግሞ ለማንም ሳልናገር ነበር የወጣሁት። ልጁ አንድ ዓመት ባከነ። ስመለስ ደግሞ የቀድሞ ቀበሌዬ «ለቀሽ የለም ወይ?» አለኝ። የሚያሳፍረውን ሳልደብቅ ልናገር፤ የሄድኩት በዘመድ ቤት መጠጋቱ አሳፍሮኝ ነው። እዚያ ግን የሚያውቀኝ ስላልነበረ ለእፍረቱም ቦታ አልነበረም።

መልስ 4፦ ተፈናቃይ፣ ጎንደር

ከላይ የተባለው ቀበሌያቸው በእጃቸው ላሉ ሰዎች ልክ ነው። እኛ ግን ቀበሌያችንን ትተን የሸሸን ነን፤ «የመጣህበት ይጻፍልህ» ስንባል የሚጽፍልን የለም። ስለ ተፈናቃዮች የወጣው የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 ስለጸደቀ ጥያቄያችን የሚቀርበው በዚያ መንገድ ነው። ይህን ያነሣሁት አንዳንዱ «ተፈናቃይ ነኝ ይበሉ» ብሎ እንዳይመክራቸው ነው። የእኛም መዝገብ እህል እስኪመጣ ወር ያስጠብቃል፤ በሐሰት የገባ ስም ሲታወቅ ደግሞ እውነተኛውም ይጠረጠራል።

ከጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሶቹን እያብራራሁ ሳነብላቸው «መሸኛ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ፤ ከዚያም ደላላው ነገ እንዳይመጣ ስልክ እንድደውልለት ጠየቁኝ፣ ደወልሁ። ሰኞ አብሬያቸው ቀበሌ እሄዳለሁ፤ ኪራይ ሲከፍሉ ያዩ ሁለት ጎረቤቶችም ለመመስከር ተስማምተዋል። የሕግ ባለሙያው ወንድሜ አንድ ነገር ይጨምሩልኝ፦ ክሱ እስኪታይ ምጣዱንና ደብተሩን ብቻ አስቀድሞ የማስወጣት መንገድ አለን? የልጅቷ ፈተና ዐርብ ነው።