2 ሳይን ሀ ኮሳይን ሀ = ሳይን ሀ፦ የመልመጃ ወረቀቱ 4 መልሶች አሉት ይላል፤ እኔ ያገኘሁት 2 ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ፈተና አለኝ!

የቡሬዋ ተማሪ (ማታ 1፡40)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ፈተናው ነገ ጠዋት 2፡30 ነው፤ መብራት ከሄደ ቆይቷል፣ የስልኬ ባትሪም 18 በመቶ ላይ ደርሷል። መምህራችን በሰጡን የመልመጃ ወረቀት ላይ ያለው ጥያቄ ይህ ነው፦

2 ሳይን ሀ ኮሳይን ሀ = ሳይን ሀ

ግራና ቀኙን ለሳይን ሀ አካፈልሁ። 2 ኮሳይን ሀ = 1 ሆነ፤ ኮሳይን ሀ = 1/2፤ ስለዚህ ሀ = 60° ወይም 300°። ከወረቀቱ ጀርባ ያለው መልስ ግን አራት ነው። ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት፣ የሚወጣው ያው ሁለት ነው። ወረቀቱ የተሳሳተ ይመስለኛል። ካልተሳሳተ ሌሎቹ ሁለቱ ከየት መጡ?

ዓባይ ማዶ (1፡46)
ካልኩሌተርሽ ሬዲያን ላይ ሆኖ ይሆናል። ወደ ዲግሪ መልሰሽ እንደገና ሞክሪ። እኔን አንድ ጊዜ ግማሽ ሌሊት ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር።

የሞጣ ልጅ (1፡49)
«መልሱ ስንት ነው?» ከማለትሽ በፊት ሀ ከየት እስከ የት እንደሆነ ንገሪን። ክልል ካልተሰጠ መልሱ ሁለትም አራትም አይደለም፤ በየ360° እየዞረ ይመጣልና ማለቂያ የለውም።

የቡሬዋ ተማሪ (1፡52)
ይቅርታ፣ ረስቼው ነው። ከ0° ጀምሮ ከ360° በታች ነው፤ 360° ራሱ አይገባም። ካልኩሌተር ደግሞ አልተጠቀምሁም፤ ፈተናው ላይም አይፈቀድም።

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ (2፡05)
ልጄ፣ ወረቀቱ ትክክል ነው። ሁለቱ መልሶች የጠፉብሽ «ለሳይን ሀ አካፈልሁ» ባልሽበት መስመር ላይ ነው። ሳስተምር በኖርሁባቸው ዓመታት በቀይ እስክሪብቶ ደጋግሜ ያከበብሁት ስሕተት ይህ ነውና አትፈሪ፤ ብቻሽን አይደለሽም። ግን በደንብ ስሚኝ። ማካፈል የሚቻለው አካፋዩ ዜሮ አለመሆኑ ሲታወቅ ብቻ ነው። ሳይን ሀ ደግሞ በ0° እና በ180° ዜሮ ነው። 180°ን በጥያቄው ውስጥ ተክተሽ እዪው፦ በግራ 2 × 0 × (−1) = 0፣ በቀኝም 0። እኩል ነው! ትክክለኛ መልስ ነበር፤ አንቺ ስታካፍዪ ሳታዪው ከደጅ መለስሽው።

መንገዱ እንዲህ ነው። አታካፍዪ፤ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጪ፦

2 ሳይን ሀ ኮሳይን ሀ − ሳይን ሀ = 0

የጋራ የሆነውን ከቅንፍ ውጭ አውጪ፦

ሳይን ሀ (2 ኮሳይን ሀ − 1) = 0

ሁለት ነገሮች ተባዝተው ዜሮ ከሰጡ ቢያንስ አንዱ ዜሮ ነው። ሳይን ሀ = 0 ከሆነ 0° እና 180°። 2 ኮሳይን ሀ − 1 = 0 ከሆነ 60° እና 300°። አራቱ እነዚህ ናቸው።

ጥማድ በሬ (2፡11)
መምህር እንዳሉት ነው። እኔ ለታናሽ ወንድሜ ያስረዳሁት በበሬ ነው። ዳልቻውና ቡሬው በአንድ ቀንበር ተጠምደዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ከተኛ እርሻው ቆመ ማለት ነው። «እርሻው የቆመባቸውን ቀኖች ቁጠር» ብትባዪ ዳልቻው የተኛበትንም ቡሬው የተኛበትንም ትቆጥሪያለሽ። ማካፈል ማለት ቡሬውን ከቀንበሩ ፈትቶ ዳልቻው የተኛበትን ቀን ብቻ መቁጠር ነው። የቡሬ ልጅ ሆነሽ ቡሬውን መርሳትሽ ነው የገረመኝ!

ዓባይ ማዶ (2፡13)
ለማንኛውም ሬዲያኑን እዪው።

የዳንግላዋ (2፡17)
መምህር፣ በአክብሮት ልቃወም። ማካፈል ኃጢአት አይደለም። መጀመሪያ «ሳይን ሀ ዜሮ ቢሆንስ?» ብላ 0° እና 180°ን ለብቻ ትጻፍ። ከዚያ «ዜሮ ካልሆነ» ብላ ብታካፍል አራቱም በእጇ ናቸው። ልጆችን «አታካፍሉ» ብለን ስናስፈራራ ምክንያቱን ሳይሆን ክልከላውን ብቻ ይይዛሉ።

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ (2፡24)
እህቴ፣ ያልሽው በሒሳብ ደንብ ትክክል ነው፤ አልክድም። ነገር ግን በፈተና ሰዓት መጀመሪያ የሚረሳው ያ «ዜሮ ቢሆንስ?» የሚለው መስመር ነው። ከቅንፍ ውጭ ሲወጣ ሳይን ሀ ወረቀቱ ላይ ዐይን ዐይኗን እያየ ይቀመጣል፤ መርሳት አትችልም። ለዚህ ነው የማልለቀው።

የቡሬዋ ተማሪ (2፡29)
ገባኝ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀጣዩ ግን 2 ኮሳይን² ሀ + ሳይን ሀ = 1 ነው። ይህ የጋራ የለውም። ምን ላውጣ? ባትሪዬ 9 በመቶ ነው።

የሞጣ ልጅ (2፡33)
ሳይንና ኮሳይን ሁለት ዓይነት ናቸውና መጀመሪያ አንድ ዓይነት አድርጊያቸው። ሳይን² ሀ + ኮሳይን² ሀ = 1 ስለሆነ በኮሳይን² ሀ ቦታ 1 − ሳይን² ሀ አስገቢ። 2 − 2 ሳይን² ሀ + ሳይን ሀ = 1 ይሆናል። ወደ አንድ ወገን ሲመጣ፦

2 ሳይን² ሀ − ሳይን ሀ − 1 = 0

አሁን ሳይን ሀን «መ» ብለሽ ጥሪው፦ 2መ² − መ − 1 = (2መ + 1)(መ − 1)። የምታውቂው ተራ ፋክተር ማድረግ ነው። መ = 1 ወይም መ = −1/2። «መ»ን መልሰሽ ሳይን ሀ ማድረግ እንዳትረሺ።

የቡሬዋ ተማሪ (2፡41)
ሳይን ሀ = 1 ሲሆን 90°። −1/2 ሲሆን ደግሞ 30° እና 150°። ልክ ነኝ? 6 በመቶ።

የቢቸና ባለ ሱቅ (2፡44)
90° ልክ ነው። ሌሎቹ አይደሉም፤ በ30° እና በ150° ሳይን +1/2 ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ የ360°ውን ክብ ዓመት አድርጌ ነበር የያዝሁት፦ 12 ወር፣ እያንዳንዱ 30 ቀን፣ አንድ ቀን አንድ ዲግሪ። መስከረም ሲያልቅ 30°፣ ኅዳር ሲያልቅ 90°፣ የካቲት ሲያልቅ 180°። ከመስከረም እስከ የካቲት ሳይን ፖዘቲቭ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ኔጋቲቭ። አንቺ የምትፈልጊው ኔጋቲቩን ነውና ከየካቲት ማለቂያ አንድ ወር ወደፊት ሂጂ፦ መጋቢት ሲያልቅ፣ 210°። ከነሐሴ ማለቂያ አንድ ወር ወደኋላ፦ ሐምሌ ሲያልቅ፣ 330°። መልሱ 90°፣ 210° እና 330° ነው። ጳጉሜንን ግን ተያት፤ ክቡ ውስጥ ቦታ የላትም።

ጥማድ በሬ (2፡46)
ጳጉሜንን አስቀርተህ ርኅወተ ሰማይን ልታሳልፈን ነው!

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ (2፡52)
ይህ የወር አቆጣጠር ግሩም ነው፤ ባስተማርሁበት ዘመን ባውቀው ኖሮ እጠቀምበት ነበር። ልጄ፣ ስልክሽ ሳይዘጋ አንድ ነገር ልጨምር። ፋክተር ካደረግሽ በኋላ ሳይን ሀ = 2 የሚል ቢወጣ አትደንግጪ። ለምሳሌ 2 ሳይን² ሀ − 5 ሳይን ሀ + 2 = 0 ሲፈታ (2 ሳይን ሀ − 1)(ሳይን ሀ − 2) = 0 ይሆናል። ሳይን ከ1 አይበልጥም፣ ከ−1 አያንስም፤ ስለዚህ ሁለተኛው ቅንፍ ምንም አይሰጥሽም። «መፍትሔ የለውም» ብለሽ ጻፊና 30° እና 150°ን ብቻ ያዢ። ሳይጽፉ መዝለል ነጥብ ያስቆርጣል።

የዳንግላዋ (በማግስቱ፣ ቀን 7፡20)
እህት ዓለም፣ ፈተናው እንዴት ሆነ?

አዲስ አባል፣ ፍኖተ ሰላም (ከሦስት ቀን በኋላ)
እዚሁ ልጠይቅ። ታንጀንት ሀ ኮሳይን ሀ = ኮሳይን ሀ፣ ክልሉ ያው ነው። መምህር እንዳሉት ኮሳይን ሀ (ታንጀንት ሀ − 1) = 0 አደረግሁ። 45°፣ 90°፣ 225° እና 270° አገኘሁ። የመጽሐፉ መልስ ግን ሁለት ብቻ ነው። አሁን ደግሞ በዛብኝ!

ጡረተኛው መምህር፣ ደብረ ማርቆስ
ልጄ፣ አወጣጥህ ንጹሕ ነው። አሁን እያንዳንዱን መልስ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ መልሰህ አስገባ። ታንጀንት ሳይን ለኮሳይን ሲካፈል ነው፤ በ90° እና በ270° ኮሳይን ዜሮ ስለሆነ ታንጀንት ራሱ የለም። የሌለ ነገር ያለበት እኩልታ ደግሞ አይሟላም። ሁለቱን ሰርዝ፤ 45° እና 225° ይቀሩሃል።