ልጄ የኖንፕሮፊት አመራር በዲግሪ ልማር ትላለች፤ ሥራ ይገኝበታል?

ጥያቄ፦ እናት ከፊኒክስ

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው አሪዞና፣ ፊኒክስ ነው። ሴት ልጄ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እየጨረሰች ነው። ከዚያ ወደ አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተዛውራ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች አመራርና አስተዳደር በባችለር ዲግሪ መማር ትፈልጋለች። ከሃይስኩል ጀምሮ በማኅበራችን ልጆች ታስጠናለች፣ አዲስ ለመጡ ቤተሰቦች ፎርም ትሞላለች። ልቧ እዚያ ነው። አባቷ ግን «ለበጎ አድራጎት ዲግሪ ምን ያደርጋል? ነርሲንግ ትማርና በትርፍ ሰዓቷ ታገልግል» ይላል። እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። እውነቱን ንገሩኝ። ሥራ አለው? ደመወዙ ቤት ያስተዳድራል? ብድሯን ትከፍልበታለች? አንድ ቀን አገር ቤት ገብታ ልሥራ ብትልስ ይጠቅማታል?

መልስ፦ የሚኒሶታዋ

እህቴ፣ ለባለቤትሽ መጀመሪያ ይህን ንገሪልኝ። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሆስፒታሎች፣ ብዙ የግል ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሙዚየሞች፣ የምግብ ባንኮች ለትርፍ ያልተቋቋሙ ናቸው። ልጅቷ ነርስ ብትሆን እንኳ ቀጣሪዋ ኖንፕሮፊት ሊሆን ይችላል። ባለሙያ የሚፈልግ ትልቅ የሥራ መስክ ነው።

ደመወዙን በተመለከተ ግን አልሸነግልሽም። ጀማሪ የፕሮግራም አስተባባሪ ወይም የገንዘብ ማሰባሰብ ረዳት ጀማሪ ነርስ የምታገኘውን አያገኝም። ከዓመታት በኋላ ዳይሬክተር ስትሆን ይሻሻላል፤ ግራንት (ለተወሰነ ሥራ የሚሰጥ የድጋፍ ገንዘብ) አምጥቶ ማስተዳደር የሚችል ሰው ሥራ አያጣም። ይህን አውቃ ትግባበት። እኔ በዚህ ሥራ ቆይቻለሁ፣ ዛሬም ብጠየቅ እመርጠዋለሁ።

መልስ፦ ሒሳብ ሠሪው

የእነዚህን ድርጅቶች ሒሳብ እሠራለሁ። እኔ የምለው፣ የዲግሪውን ስም ተዉትና የኮርሱን ዝርዝር እዩ። የፋይናንስና የበጀት ኮርስ አለው? የግራንት አጻጻፍስ? ፕሮግራሙ ውጤት ማምጣቱን መመዘን ያስተምራሉ? እነዚህ ካሉበት ጥሩ ትምህርት ነው። ከሳሱ ግን በምርጫ ኮርሶቿ አካውንቲንግ ትጨምርበት።

ለምን እንዲህ እንደምል ላሳያችሁ። አንድ ማኅበር ለልጆች ጥናት ተብሎ 40,000 ዶላር ግራንት አገኘ እንበል። ባንክ ያለው ገንዘብ ይኸው ብቻ ነው። የአዳራሹ ኪራይ ደረሰ። ሊቀ መንበሩ «ለጊዜው ከዚህ እንክፈል፣ መዋጮ ሲገባ እንተካዋለን» ይላል። ቅን ሰው ነው፣ ሌብነት አላሰበም። ገንዘቡ ግን ለተሰጠበት ዓላማ የታሰረ ነው። ሰጪው የወጪ ሪፖርት ሲጠይቅ ኪራዩ የት ይግባ? ቀጣዩ ግራንት እዚያው ይቀራል፣ ገንዘቡን መልሱ መባልም አለ። የተማረ ሰው ቢሆን ገና ማመልከቻውን ሲጽፍ ጥናቱ የሚይዘውን ያህል የኪራይ ድርሻ በበጀቱ ውስጥ ያስገባል። ሰጪው ከፈቀደለት ያን ድርሻ ያለ ጭንቀት ይከፍላል።

ሌላም አለ። ዓመታዊ ገቢያቸው እንደ ወትሮው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ማኅበራት አብዛኞቹ 990-ኤን የሚባል አጭር ቅጽ በየዓመቱ ለፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ በኢንተርኔት ማስገባት አለባቸው። ሦስት ዓመት በተከታታይ ካላስገቡ ከግብር ነፃ የሚያደርጋቸው መብት ወዲያውኑ ይሰረዛል። ማስመለስ ይቻላል፣ ግን እንደገና ማመልከትና ክፍያ አለው። የኛ ማኅበራት ላይ ይህ ሲደርስ ማየት ያሳዝነኛል። ጸሐፊው ይቀየራል፣ ኢሜይሉና የይለፍ ቃሉ አብሮት ይሄዳል፣ ተተኪው ቅጹ መኖሩንም አያውቅም። ልጅሽ ይህን ተምራ ብትመጣ ለማኅበራችሁ ትልቅ ነገር ነው።

መልስ፦ ቨርጂኒያ

እኔ ግን ከባለቤትሽ ጋር ነኝ፣ ቢያንስ በከፊል። በ2025 መጀመሪያ የስደተኞች ቅበላ ሲታገድ፣ የውጭ እርዳታም ሲቆረጥ፣ በማቋቋሚያ ድርጅቶች ውስጥ ስንሠራ የነበርን ብዙ ሰዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ከሥራ ወጣን። ከመካከላችን አካውንቲንግ ወይም ሶሻል ወርክ የተማሩት ቶሎ ሌላ ቦታ ገቡ። ዋና ትምህርቷ አካውንቲንግ ወይም ሶሻል ወርክ ይሁንና ኖንፕሮፊቱን ማይነር፣ ማለትም ሁለተኛ ትምህርት፣ ታድርገው።

መልስ፦ የሚኒሶታዋ

ወንድሜ፣ ለደረሰብህ አዝናለሁ። ግን ችግሩን የዲግሪው አላደርገውም። እነዚያ ቢሮዎች በአብዛኛው የቆሙት በአንድ የመንግሥት በጀት ላይ ነበር። ገቢን ከአንድ ምንጭ አለማንጠልጠል፣ መጠባበቂያ መያዝ፣ ቦርዱን ቀድሞ ማስጠንቀቅ፣ እነዚህ በዚህ ትምህርት ውስጥ የሚሰጡ ነገሮች ናቸው። ማይነሩ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። ልጅቷ ቀጥታ ሰው መርዳትን ከቢሮ ሥራ አብልጣ የምትወድ ከሆነ ሶሻል ወርክ ይሻላታል።

መልስ፦ ብድር ከፋይ

እናቴ፣ ስለ ብድሩ። ዳይሬክት የሚባለው የፌዴራል ብድር ያለበት ሰው ለመንግሥት ወይም 501(ሲ)(3) ለሚባለው ከግብር ነፃ የሆነ ኖንፕሮፊት ድርጅት በሙሉ ሰዓት እየሠራ 120 ወርኃዊ ክፍያ ከከፈለ፣ ቀሪው የሚሰረዝበት ፕሮግራም አለ። ከ2007 ጀምሮ ያለ ነው። 120 ክፍያ ማለት ቢያንስ 10 ዓመት ነው። የአከፋፈል ዕቅዱም ከተፈቀዱት አንዱ መሆን አለበት፣ ደንቡ ደግሞ ይቀያየራል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የፌዴራል ስቱደንት ኤይድን ገጽ አንብቡ። የግል ባንክ ብድር አይካተትም።

በተለይ አንዱን ልብ በሉ። ወላጅ በራሱ ስም የወሰደው ፓረንት ፕላስ ብድር ከሆነ የሚታየው የወላጁ መሥሪያ ቤት ነው። ልጅቷ ኖንፕሮፊት ብትሠራ የአባቷን ብድር አያሰርዝም።

መልስ፦ ከአዲስ አበባ

ስለ አገር ቤት ስለጠየቁ ልጨምር። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ጉዳይ የሚሠሩ አገር በቀል ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙት ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ከልክሎ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ ያ ገደብ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ብዙ አዳዲስ ድርጅቶች ተመዝግበዋል፣ ሥራ አስኪያጅ የሚሆን ሰው ያስፈልጋል። አሁን ግን የውጭ እርዳታው በመቀነሱ ብዙ ባልደረቦቻችን ሥራ አጥተዋል፣ ጊዜው ቀላል አይደለም። እዚህ ማስታወቂያ ላይ የሚጠየቀው በብዛት የፕሮጀክት አስተዳደር፣ የክትትልና ግምገማ፣ የፕሮፖዛል አጻጻፍ ልምድ ነው። የአማርኛ ጽሑፏም ይጠንክር። ከወረዳ ጋር የሚደረገው ደብዳቤ ሁሉ በእንግሊዝኛ አይሄድም።

ጠያቂዋ፦ እናት ከፊኒክስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አባቷም አነበበው፣ «ሒሳብ ካለበትስ እሺ» አለ። በቅርቡ አማካሪ ልናነጋግር እንሄዳለን። ምን ምን እንጠይቅ?

መልስ፦ የቴምፒው

እኔም ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው የተዛወርኩት። መጀመሪያ ኤጄክ የሚባለውን የአሪዞና አጠቃላይ ትምህርት መጨረሷን አረጋግጡ። እሱ ካለቀ የአሪዞና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የታችኛውን ዓመት አጠቃላይ ትምህርት እንደገና አያስወስዷትም። ማይፓዝ ቱ ኤኤስዩ የሚለው የአሪዞና ስቴት የኢንተርኔት መሣሪያ የትኛው ኮርስ ለየትኛው እንደሚቆጠር ያሳያል። ኮርሱን ሳያዩ መመዝገብ በኋላ ብር ያስወጣል።

ከዚያ ኢንተርንሺፑን (የተግባር ልምምዱን) ጠይቁ። ስንት ሰዓት ነው? ክፍያ አለው? በማኅበራችሁ መሥራት ይቻላል? እኔ ብሆን ሌላ ድርጅት እንድትሄድ ነው የምመክረው፣ የራሷን ቤት ታውቀዋለች። ሲኤንፒ ስለሚባለው የሙያ ሰርተፊኬትም ጠይቁ። የሚሰጠው ኖንፕሮፊት ሊደርሺፕ አሊያንስ ነው፣ በ1948 የተመሠረተ ድርጅት ነው። ከዲግሪው ጎን ለጎን ይሠራል።

ለደመወዙ ደግሞ ልትሠራባቸው የምትመኛቸውን ድርጅቶች ስም አይአርኤስ ገጽ ላይ ፈልጉና 990 የሚባለውን ሙሉውን ዓመታዊ ቅጽ ክፈቱ። ለሕዝብ ክፍት ነው። የኃላፊዎቹ ክፍያ በስም ተጽፏል፣ የሠራተኛው ቁጥርና ጠቅላላ የደመወዝ ወጪም አለ። አካፍላችሁ አማካዩን ስታወጡ ግን የግማሽ ቀን ሠራተኞችም በቁጥሩ ውስጥ እንዳሉ አትርሱ። ለጀማሪ የሚከፈለው የክፍት ሥራ ማስታወቂያቸው ላይ ይገኛል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ከአባቷ ጋር ተነጋገሩበት።