የሐበሻ ጥድ ቦንሳይ በደብረ ብርሃን ብርድ

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ከችግኝ ጣቢያ የገዛሁትን የሐበሻ ጥድ በዝርግ የሸክላ ማስቀመጫ ተክዬ እንደ ቦንሳይ (በማስቀመጫ ውስጥ አሳንሰው ቅርጽ እያስያዙ እንደሚያሳድጉት ዛፍ) ማሳደግ ጀምሬአለሁ። ከጥቅምት ወዲህ ሌሊቱን ውርጭ ስለሚጥል ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ፤ ውኃም ቀን እየጠበቅሁ አጠጣዋለሁ። ይሁንና በቅርቡ የቅርንጫፎቹ ጫፍ መጀመሪያ ወደ ግራጫ ያደላ አረንጓዴ፣ ቀጥሎም ቡናማ እየሆነ መጥቷል፤ ሲነኩትም ይረግፋል። ያነበብኳቸው መመሪያዎች ለጃፓንና ለአውሮፓ አየር የተጻፉ በመሆናቸው ከእኛ ደጋ ጋር ማዛመድ ቸግሮኛል። ውጭ ባወጣው ውርጩ ይገድለዋልን? ውኃውን ልጨምር ወይስ ልቀንስ? መግረዝስ መቼ ልጀምር? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (ከአንኮበር)

ጥድ ቤት ውስጥ የሚኖር ተክል አይደለም። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ለዓይናችን የበቃ ቢመስለንም ለጥድ እጅግ ያንሰዋል፤ ነፋስም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ያውጡት፤ ነገር ግን ከሳሎን ጥላ በአንድ ጊዜ ወደ ደጋው የቀትር ፀሐይ ቢያዞሩት ቅጠሉ ስለሚቃጠል፣ መጀመሪያ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኝበት ቦታ ያሰንብቱትና ቀስ በቀስ ያለማምዱት።

ውኃን በተመለከተ የቀን መቁጠሪያውን ይተዉትና አፈሩን ይጠይቁ። ቀጭን የቀርከሃ እንጨት ከግንዱ ራቅ አድርገው እስከ ማስቀመጫው ወለል ይትከሉ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲነቅሉት ጠቁሮና ረጥቦ ከወጣ አያጠጡ፤ ጫፉ ላይ ብቻ ጥቂት እርጥበት ከቀረ ግን ከሥር ባሉት ቀዳዳዎች እስኪፈስ ድረስ በደንብ ያጠጡ። በበጋው ደረቅ ነፋስ በየቀኑ ሊጠማ ይችላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ብቻ ስለሚበዛበት ከጣሪያ ጠርዝ ሥር ማስጠጋት ያሻል።

ስለ ቡናማው ቀለም አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ጥድ ሥሩ ከተጎዳ በኋላ እንኳ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ ስለዚህ ዛሬ የሚያዩት ጉዳት ቀደም ሲል የደረሰ ነው። ከግንዱ አጠገብ፣ ከውስጥ በኩል ያረጁ ቅጠሎች ቢደርቁ ተፈጥሯዊ ነው፤ ከጫፍ የሚጀምር መድረቅ ግን ብዙውን ጊዜ የሥር ችግር ወይም የውኃ ጥም ምልክት ነው። የቅርንጫፉን ቅርፊት በጥፍርዎ ትንሽ ሲፍቁት ከቅርፊቱ በታች ያለው አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ቅርንጫፉ ሕያው ነው።

መልስ (ከደብረ ሲና)

ያውጡት በሚለው እስማማለሁ፤ የውርጩን ነገር ግን ማብራራት ይገባል። በወፍ ዋሻ ጫካ ዳገት ላይ የቆመው ጥድ ብርዱን ችሎ የሚኖረው ሥሩ በጥልቅ አፈር ተከልሎ ነው፤ በዝርግ ማስቀመጫ ያለው ሥር ግን በዙሪያው የሚከልለው የለውም። ጠረጴዛ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ማስቀመጫውን ቀን ፀሐይ በሚሞቀው ግድግዳ ሥር መሬት ላይ ያኑሩትና ዙሪያውን በጭድ ይክበቡት፤ ብርቱ ውርጭ በሚጠበቅበት ሌሊት በጆንያ ሸፍነው ጠዋት ይግለጡት። ውኃም ጠዋት እንጂ ማታ አይስጡ።

ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው አፈሩን ነው። የደብረ ብርሃን አካባቢ መረሬ አፈር ውኃ ይዞ ስለሚቆይ በማስቀመጫ ውስጥ ሥርን ያፍናል። ለመንገድ ሥራ የሚውለውን፣ ሬድ አሽ የሚባለውን ቀዳዳማ ቀይ ድንጋይ ፈጭተው በወንፊት ዱቄቱን ያስወግዱ፤ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን ጠጠር ከጥቂት የበሰለ ኮምፖስት ጋር ቢቀላቅሉት ጥሩ ነው። የታመመ ዛፍ ግን አይዛወርም። አዲስ እድገት ካሳየና ውርጩ ካለፈ በኋላ ያዛውሩት፤ የሥሩን አፈርም ሙሉ በሙሉ አያራግፉ።

ሌላ ችግኝ ካስፈለገዎት እንደ አሁኑ ከችግኝ ጣቢያ ይግዙ እንጂ ከጫካ አይንቀሉ። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የመናገሻ ጫካ የተተከለው ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደሆነ ይነገራል፤ እነዚያ ሰዎች ዘር ለቀሙ እንጂ ጫካውን አላራቆቱም።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)

መግረዙን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩት፤ ዛፉ ኃይል የሚያገኘው ከቅጠሉ ነውና። ጊዜው ሲደርስም ቅጠሉን እንደ አጥር በመቀስ አይከርክሙት፤ የተቆረጠው ቅጠል ጫፉ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ የረዘመውን ቀንበጥ ከመነሻው ለይተው ይቁረጡ። ጥድ ቅጠል ካልቀረበት ቅርንጫፍ እንደገና ስለማያቆጠቁጥ፣ ሊያቆዩት በሚፈልጉት ቅርንጫፍ ሁሉ ላይ አረንጓዴ ይተዉ። ብዙ ከተገረዘ ደግሞ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበው ለስላሳ ቅጠል ቀርቶ እንደ ሕፃንነቱ መርፌ መሰል ቅጠል ያወጣል፤ ይህም ዛፉ መጨነቁን ያሳያል።

ቅርጽ ለማስያዝ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ የመዳብ ሽቦ ይሠራል፤ በእሳት አግለው ካቀዘቀዙት ይለሰልሳል። ውፍረቱ የቅርንጫፉን ሲሶ ያህል ይሁን፤ ወደ ጎን ጋደል አድርገው ሳያጠብቁ ይጠምጥሙት። በእድገት ወራት ዘወትር ይመልከቱት፤ ሽቦው ቅርፊቱን መንከስ ሲጀምር በመቁረጫ በየቦታው እየቆረጡ ያውጡት እንጂ አይተርትሩት፤ ሲተረተር ቅርንጫፉን ይሰብራል።